አዝራር የሞላው ዋንጫ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥቼ ፌርማታው ላይ ስደርስ አውቶብሱ ሊነሳ ሲል ሮጬ ተሳፈርኩ። ሰዉ እየገፋ አምጥቶ ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ አቆመኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ የማውቃቸው ሁለት ዓይኖች እያዩኝ ነበር። ካፒቴን ናቸው፤ በዚህ መስመር ሃያ ስድስት ዓመት የነዱ፣ የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ። ካፒቴን የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ጠመም አድርገው መልበስ ስለጀመሩ ስሙ በዚያው ጸናባቸው።

ከራሳቸው በላይ «ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ካፒቴን ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ሰላምታዬን በቅንድባቸው ብቻ መለሱልኝ። መጨረሻው ፌርማታ ደርሰን ሰዉ ሲወርድ ግን ሞተሩን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንኳን መጣህልኝ። ለአጎትህ የምታደርስልኝ ዕቃ አለ።»

ከመቀመጫቸው ሥር በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ጥቅል አወጡ። ሳልፈታት ምን እንደሆነች አወቅኩ። አሥራ ሦስት ቁራጭ ጨርቆች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ስም ተጽፏል።

«ካፒቴን! ቡድንዎን ነው እኮ የሰጡኝ!»

«ቡድን ነው እንዴ? ቁጠረዋ! አሥራ አራት መሆን ነበረበት። በረኛ የለኝም። በረኛዬ ትከሻው ከወለቀ አራት ሳምንት ሆነው፤ አራት ሳምንት ሙሉ ያለ በረኛ! መዝጊያ የሌለው ቤት ይዤ ነው የተቀመጥኩት።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ዜናውን የሰማሁት እዚሁ መሪው ላይ ሆኜ ነው። ስልሳ ተሳፋሪ ጭኛለሁ። ከኋላ የነበረ አንድ ጎረምሳ ‹ካፒቴን፣ በረኛህ ተጎዳ፣ ቶሎ ሌላ ያዝ!› አለኝ። ምን ልያዝ? መሪውን ነው የያዝኩት! ፈረቃዬን ጨርሼ ስደርስ አጎትህ የቀረውን አንድ ደህና በረኛ ነቅሎ መሳቢያው ውስጥ ከቶታል።»

«እንዲያው ቢያነጋግሯቸው…»

«አነጋገርኩት። ‹ቀደምኩህ› አለኝ፤ ሳቀም። እውነቱን ነው፣ ቀድሞኛል። ስለዚህ ጠብ የለንም፤ ሰላምታዬንም አድርስልኝ። ግን ወጥቻለሁ። ቅዳሜ እንዳይጠብቀኝ።»

ሞተሩን አስነሱ። ከዚያ በኋላ ማናገር ክልክል ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት እሳቸውና ካፒቴን ሌሎች ስድስት ሰዎች አሰባስበው ፋንታሲ የሚባለውን ጨዋታ ጀመሩ። እኔ የገባሁት በሦስተኛው ዓመት፣ ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ወደ ሌላ ከተማ በተዛወረ ሰው ምትክ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ከትልቁ ሊግ እውነተኛ ተጫዋቾች አሥራ አራት መርጦ የራሱን ቡድን ያቆማል፤ የመረጠው ተጫዋች በሜዳ ላይ ጎል ሲያገባ ወይም ጎል ሲያድን ነጥቡ ለእሱ ይጻፋል። ሌላው ዓለም ይህን በስልክ ይጫወተዋል። አጎቴ ግን «በእጄ ያልጨበጥኩት ነገር የእኔ አይደለም» ስለሚሉ የእኛ ሊግ የሚኖረው በቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች አንድ ጨርቅ፣ አንድ ጨርቅ አንድ ባለቤት። ባለቤት ያላገኙት፣ ነጻ ተጫዋቾች የምንላቸው፣ በስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ ሰሌዳ በስፒል ተሰክተው ይቀመጣሉ። ከሰሌዳው አናት ላይ በአጎቴ የእጅ ጽሑፍ አንዲት ሕግ አለች፦ «ነጻ ተጫዋች ቀድሞ ለነቀለው ነው።»

ሕጓ ስትነበብ ፍትሐዊ ትመስላለች። ነገር ግን ሰሌዳው ከአጎቴ የስፌት መኪና ሦስት እርምጃ ይርቃል፤ ከመኪናው በላይ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጋ ሬዲዮ አለ። «እገሌ ጉልበቱ ተጎዳ፣ በምትኩ እገሌ ይሰለፋል» የሚል ዜና ሲነገር አጎቴ ሦስት እርምጃ ተራምደው ይነቅላሉ። ስድስቱንም ዋንጫ የበሉት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ጥቅሏን ይዤ ስፌት ቤቱ ገባሁ። አጎቴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የኮት እጅጌ እየሰፉ ነበር።

«ና ግባ፣ የኮሌጁ! ምን ይዘህ መጣህ?»

ጥቅሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የካፒቴንን መልእክት ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አጎቴ የመኪናውን ፔዳል መርገጥ አቆሙ። ጥቅሏን አነሱ፣ በእጃቸው መዘኗት፣ መልሰው አስቀመጧት።

«ኩርፊያ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስንጫወት ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኩርፊያ አልመሰለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ስንት በረኛ አለዎት?»

«ለምን ፈለግከው?»

«እንዲያው ልወቀው ብዬ ነው።»

አጎቴ መሳቢያቸውን ጎተት አድርገው መልሰው ገፉት። «ሦስት።»

«በአንድ ጎል ፊት ስንት በረኛ ይቆማል?»

«አንተ ልጅ፣ ለነገር ነው የመጣኸው!» አሉና ሳቁ። «ሦስተኛውን ለጥንቃቄ ነው የያዝኩት። ክር ስገዛም አንድ ትርፍ እገዛለሁ። ጥፋቱ ምንድን ነው? ሕጉ አይከለክልም። ሰሌዳው ለሁሉም ክፍት ነው፣ በሬ ለሁሉም ክፍት ነው። ቀድሞ የሄደ ንጹሕ ውሃ ይቀዳል። እኔ ነቅቼ እሰማለሁ፣ ተነስቼ እነቅላለሁ። የትጋት ዋጋ ነው ይሄ። ትጋትን ልትቀጣ ነው እንዴ የተማርከው?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ትጉህ ሰው ዋጋውን ማግኘት እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት አሰብኩበት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ትጉህ ነዎት፤ ማንም አይክድም። ግን ካፒቴን ሰነፍ ናቸው? ስልሳ ነፍስ ጭነው መሪያቸውን ስላልለቀቁ ነው የተቀደሙት። ነርሷ ሲስተርስ? እሷ በሽተኛ ላይ መርፌ እየወጋች ስልክ ማየት ትችላለች? እነሱ የተቀደሙት በትጋታቸው ነው። ይቺ ሕግ የምትሸልመው የተጋውን ሳይሆን ለሰሌዳው የቀረበውን ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሰሌዳውን አውቶብሱ ላይ ልስቀለው?»

«የለም። ከእሁድ ጨዋታ በኋላ እስከ ረቡዕ አመሻሽ ማንም ሰው ሰሌዳውን አይንካ። ነጻ ተጫዋች የፈለገ ስሙን በወረቀት ጽፎ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተት፤ መምጣት ያልቻለ ደውሎ ያስጽፍ። ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይከፈት። ሁለት ሰው አንድ ተጫዋች ከፈለገ በደረጃ ዝቅ ያለው ይውሰድ።»

አጎቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ዝቅ ያለው! እንግዲያው ሰው ሁሉ ተጫዋች ለማግኘት ብሎ ይሸነፋላ! መጨረሻ የወጣን መሸለም! የዚህ ዓይነት ውድድር የት አለ?»

እውነት ለመናገር ለዚህ ተቃውሞ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። «ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ላስብበት» አልኳቸው። ተከራካሪ ሰው «አላውቅም» ማለትን ካልቻለ ሌላውን «ተሳስቻለሁ» እንዲል መጠየቅ አይችልም።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ዓይኑ ያበጠ ሰው ገባ። በክንዱ ጥቁር ሱሪ አንጠልጥሏል። እናቱ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ ነገ ጠዋት መሆኑን፣ ሱሪው ደግሞ የወንድሙ ስለሆነ እንደረዘመበት በተቆራረጠ ድምፅ ተናገረ። አጎቴ የኮቱን እጅጌ ከመኪናው ላይ አንስተው ወደ ጎን አደረጉ፣ ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ለኩት፣ ቆረጡ፣ ሰፉ፣ ተኮሱ። «እግዜር ያጥናህ» ብለው ሲሸኙት ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

ኮቱ ወደ መኪናው ሲመለስ ጠየቅኩ። «የኮቱ ባለቤት ቀድሞ አልነበረም የመጣው?»

አጎቴ ፈጥነው ገባቸው። «ተው! ሞትና ኳስ አንድ ነው?»

«አንድ አይደለም። ግን የባሰበት ይቅደም የሚለውን ሕግ እኔ ከኮሌጅ አላመጣሁትም። እዚሁ እርስዎ ቤት ነው ያየሁት።»

«ቅዳሜ ስብሰባ ላይ አቅርበው» አሉና ፔዳላቸውን ረገጡ። «በድምፅ ያሸነፈ ያሸንፍ። እኔ አምባገነን አይደለሁም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰባት ሆነን ተሰበሰብን። ስምንተኛው ወንበር ባዶ ነበር። አጎቴ ማንም እንዳይቀመጥበት የተጠቀለለ ጨርቅ አስቀምጠውበታል። ከጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን በኪሱ እንደያዘ መጥቷል። ሲስተር፣ በሆስፒታል ነርስ የሆነችው፣ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ነው የገባችው።

ሐሳቤን እንደገና አቀረብኩ። አጎቴም «ሰው ሆን ብሎ ይሸነፋል» የሚለውን ተቃውሟቸውን አቀረቡ፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ መልስ እንዳላገኘሁለት አመንኩ።

«ቀላል ነው» አለች ሲስተር። «እኛ ጋ ሌሊት ተረኛ ሲመደብ፣ ትናንት ያደረ ሰው ስሙ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ይሄዳል። ወረፋው አንዴ በደረጃ ይደርደር፤ ከዚያ ተጫዋች የወሰደ ሰው ወደ ኋላ ይሂድ። ያኔ ማንም መጨረሻ ልሁን ብሎ አይሸነፍም፤ ምን ሊጠቀም? ያልወሰደ ደግሞ ተራው ይጠብቀዋል። አንዱ ለማይረባ ተጫዋች ተራውን ያቃጥላል፣ አንዱ አድፍጦ ይጠብቃል። ጋሼ፣ ይሄም እኮ ትጋት ነው፤ የጭንቅላት ትጋት።»

«የእግር ትጋት ቀረ በይኛ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጋሼ ሦስት እርምጃ የሚራመዱት ለኳስ ብቻ ነበር፤ አሁን ስፖርት ሊተዉ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቁም።

«ስሙኝ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ስድስት ዓመት በዚህ ሕግ ተጫውተናል። ሕግ አንዴ ከተነካካ እንደ ተተረተረ ስፌት ነው፤ ክሩን አንዴ ከሳብከው ማቆሚያ የለውም። ደግሞስ ቀድሞ የነበረውን ማክበር…»

«ቀድሞ ከወጣ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ ይበልጣል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ዝም በል! ባለፈው ዓመት ዘጠኝ አጥቂ ይዘህ የወጣህ ሰው!»

ሲስተር አልሳቀችም። ከስፌት መኪናው በላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ ያለውን ዋንጫ እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ ዋንጫው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«የቱ ውስጥ?… አዝራር ነዋ።»

«ለምን አዝራር ተደረገበት?»

«ማስቀመጫ አጥቼ። ያው እዚሁ ነው የሚውለው። የሚወስደው ሰው ስለሌለ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። 

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት አልነበርኩም፤ ግን ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አጎቴ ያን ዋንጫ መጀመሪያ ሲያሸንፉ፣ ያሸነፉት በአንድ ነጥብ፣ ያሸነፉትም ካፒቴንን ነበር። ካፒቴን ተሸንፈው ሳሉ አጎቴን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ከስፌት ቤቱ ሲወጡ የአጎቴ ራስ የበሩን አምፖል ሰብሯል። ጠባሳው ዛሬም ከቅንድባቸው በላይ አለ። ባለፈው ዓመት ስድስተኛውን ሲያሸንፉ ግን እዚህ የነበርነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ፀጉር አስተካካዩ፤ እሱም ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

አጎቴ እጃቸውን አንስተው ያቺን ጠባሳ ነካ ነካ አደረጓት። ከዚያ ተነሱ፣ ዋንጫውን አወረዱ፣ ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። አዝራሩ እየተንከባለለ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሁላችንም ተንበርክከን መልቀም ጀመርን።

«ተዉት!» አሉ። «ለቃሚው እኔ ነኝ። ድምፅ ስጡ።»

ስድስት እጅ ወጣ። ሰባተኛው የአጎቴ እጅ ነበር፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ የወጣው እሱ ነው።

«አንዱ ወንበር ግን ባዶ ነው» አለች ሲስተር።

«እሱን ለእኔ ተዉልኝ» አሉና ኮታቸውን አነሱ። «የካፒቴን ፈረቃ ስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው?»

አጎቴ የሚኖሩት ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ስለሆነ አውቶብስ ከተሳፈሩ ዓመታት አልፈዋል። አብሬያቸው ሄድኩ። ተሰልፈን ገባን፤ አጎቴም ከሹፌሩ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ መቀመጫ ተቀመጡ። ካፒቴን በመስታወቱ አይተው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«ስማኝ፣ ወንድሜ…» ብለው አጎቴ ጀመሩ።

ካፒቴን በጣታቸው ወደ ጽሑፉ አመለከቱ። ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው።

ስለዚህ እርቁ የተካሄደው ፌርማታ በፌርማታ ነው። አውቶብሱ ሲቆም ሁለቱ ያወራሉ፤ ሲነሳ ዝም ይላሉ። ተሳፋሪውም ነገሩ ገብቶት ጆሮውን አቀና።

በመጀመሪያው ፌርማታ፦ «ሕጉን ቀየርነው። የባሰበት ይቀድማል፣ የወሰደ ወደ ኋላ ይሄዳል።»

«የማን ሐሳብ ነው?»

«የልጁና የሲስተር። እኔ ተቃውሜ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

በሁለተኛው፦ «ታዲያ አሁን ግማሽ ዓመት አልፏል። አንተ ከእኔ በዘጠና አራት ነጥብ ትበልጣለህ። ሕጉ ቢቀየር ምን ይፈይዳል? ሩጫ ሊያልቅ ሲል ጫማ ማደል ነው።»

እኔ ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። አጎቴን ነጥባቸውን እንዲተዉ መጠየቅ ከአቅሜ በላይ መስሎኝ ነበር። አውቶብሱ ተነሳ፤ አጎቴም እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ።

በሦስተኛው ፌርማታ እንዲህ አሉ፦ «የመጀመሪያው ዙር በአሮጌው ሕግ ይዘጋ። ሁለተኛው ዙር ሁላችንም ከዜሮ እንጀምር። ዋንጫውም የሁለተኛው ዙር ይሁን።»

ካፒቴን በመስታወቱ ሳይሆን ዞረው አዩዋቸው። «ዘጠና አራቱን?»

«ዘጠና አራቱን።»

«በቃ ይሽጡለት!» አለች ከኋላ አንዲት እናት፣ ዋጋ የሚደራደሩ መስሏት። አውቶብሱ በሳቅ ተናወጠ።

በመጨረሻው ፌርማታ ካፒቴን ሞተሩን አጠፉ። «አንድ ነገር ቀረ» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ አጎቴ። ከደረት ኪሳቸው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው መሪው ላይ አስቀመጡ። ሦስተኛው በረኛ ነበር። «ለጥንቃቄ ነበር የያዝኩት። ጥንቃቄው አንተን አሳጣኝ።»

ካፒቴን ጨርቋን አነሱ፣ አነበቡ፣ ባርኔጣቸው ውስጥ ሰኩ። «ጎበዝ በረኛ ነው?»

«እጅግ ጎበዝ! በተለይ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ።»

«ትጸጸታለህ» አሉ ካፒቴን፤ ከአራት ሳምንት በኋላም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

አዲሱ ሕግ የሠራውን ሥራ ስናገር አጋነነ እንዳልባል እፈራለሁ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ስፌት ቤቱ ሰው በሰው ይሆን ጀመር። ቆርቆሮው የሚከፈተው በተራ ነው፤ አንድ ስም በተነበበ ቁጥር አንዱ «ወይኔ!» ይላል፣ ሌላው ጠረጴዛ ይደበድባል። ሲስተር ተራዋን ስድስት ሳምንት አስቀምጣ፣ ማንም ያላየውን አንድ አማካይ ወስዳ በአንድ ቅዳሜ ሃያ ነጥብ አገኘች። ሁልጊዜ ስምንተኛ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ሦስተኛ ሆነ፤ ሚስቱም «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ እያፏጨ ይገባል» ብላ ጠየቀችን። ፀጉር አስተካካዩ ተራውን በየሳምንቱ አቃጠለ፤ ይህም የሕጉ ጥፋት አይደለም። አጎቴም ብልሃታቸው አልጠፋም፤ ሬዲዮውን እንደ በፊቱ ይሰማሉ፣ ግን አሁን ከመንቀላቸው በፊት ያስባሉ። ከአንደኛነት የወረዱት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

የመጨረሻው እሁድ ሲደርስ አጎቴ ካፒቴንን በሁለት ነጥብ ይመሩ ነበር። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው። የአጎቴ አጥቂ በአንዱ ቡድን፣ የካፒቴን በረኛ በሌላው ተሰልፈዋል። ካፒቴን በፈረቃ ላይ ስለነበሩ እኛ ሰባታችን ሬዲዮውን ከበን ተቀመጥን።

ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ጨዋታው አንድ ለአንድ እያለ፣ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ፍጹም ቅጣት ምት። መቺው የአጎቴ አጥቂ፣ በረኛው ያ ሦስተኛው በረኛ። ካገባ አምስት ነጥብ ለአጎቴ፤ ካዳነ አምስት ነጥብ ለካፒቴን።  አጎቴ ሜትራቸውን በጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ ነበር።

ተንታኙ ጮኸ። አዳነው!

ከወንበራቸው የተነሱት አጎቴ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው እንደ ጎረምሳ ዘለሉ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም! ያ በረኛ ጎበዝ ነው ብዬ ነበር! እኔ ነኝ የመረጥኩት! ዓይን አለኝ እኮ!»

 ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ… ተሸነፉ እኮ።»

«እ?»

«በሦስት ነጥብ።»

አጎቴ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኛ ዞሩና እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የጮኸውን ሳቅ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ከውጭ የአውቶብስ ጥሩምባ ተሰማ። ካፒቴን ተሳፋሪ አውርደው ባዶውን አውቶብስ ወደ ማደሪያው ሲመልሱ በስፌት ቤቱ በር ላይ አቁመውታል። አጎቴ ዋንጫውን ከነአቧራው ታቅፈው ወጡ፤ እኛም ተከተልን። ካፒቴን ከመሪው ሲወርዱ አጎቴ ጎንበስ አሉ።

«ውጣ!» አሉ ትከሻቸውን እየመቱ።

«አብደሃል? ወገብህ!»

«ውጣ ነው የምልህ! የአምፖሉ ዕዳ አለብህ!»

ካፒቴንን ትከሻቸው ላይ ለማንሳት አጎቴ፣ እኔና ዳቦ ጋጋሪው ሦስታችን አስፈለግን፤ ግን አነሳናቸው። ከየሱቁ ሰው ወጥቶ አጨበጨበ። የበሩ አምፖል ዳነ፤ ሲስተር ቀድማ አውልቃው ነበር።

እኔ ከዚህ ነገር የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። ሕግ የሚያረጀው ዓመት ስለቆጠረ አይደለም፤ ጨዋታውን ለአንድ ሰው ብቻ ሲያስቀር ነው የሚያረጀው። የባሰበት እንዲቀድም መፍቀድ የበረታውን አይጎዳም፤ እንዲያውም የሚወዳደረው ሰው ይሰጠዋል። ማንም የማይመኘው ዋንጫ የአዝራር ዕቃ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ ዋንጫውን ገልብጦ ውስጡን ማየት ይበቃል።

አሁን ዋንጫው የሚገኘው በካፒቴን አውቶብስ ፊት፣ ከመስታወቱ ሥር ነው። አጎቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ስፌት ቤታቸውን ለአንድ ሰዓት ዘግተው ይሳፈራሉ፤ የመጀመሪያዋ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደው ይመለሳሉ። ባለፈው ሳምንት አብሬያቸው ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲያንሾካሹኩ ካፒቴን በመስታወቱ ገላመጧቸውና ወደ ጽሑፉ አመለከቱ።

አጎቴ ቀና አሉ። «ሹፌሩን ማናገር ነው የተከለከለው፤ አይደል? እኔ የማወራው ከዋንጫው ጋር ነው። ‹አይዞህ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጥቼ እወስድሃለሁ› እያልኩት ነው።»

በሚቀጥለው ፌርማታ አውቶብሱ ሲቆም ካፒቴን መልስ ሰጡ። «ወረፋህን ጠብቅ!»